ስለ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ስደትና ሥራ

ሰው ከተወለደበት አገር ሲለይ ሁለት ነገር ያገኘዋል። አንደኛው የሚያጣው ነው፤ ይኸውም የእናት ድምፅ፣ የመንደሩ ቋንቋ፣ የወዳጅና የዘመድ ምክር፣ የአገሩ እህልና ውሃ ነው። ሁለተኛው የሚያተርፈው ነው፤ ይኸውም አገሩን ከሩቅ ሆኖ የሚመለከትበት ዓይን ነው። በቤቱ ውስጥ ውሎ የሚያድር ሰው የጎጆውን ጢስ ስለ ለመደው አይታወቀውም፤ ከውጭ የገባ እንግዳ ግን ገና መድረኩን ሲረግጥ ዓይኑ ያነባል። የቤቱም ጌታ የእንግዳውን ዕንባ አይቶ ለጢሱ መውጫ ያበጅለታል፤ አለዚያም እንግዳው ቤቴን ነቀፈ ብሎ ይቀየመዋል። ከስደት የተመለሰ ሰው ታሪክ ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ከሁለቱ ወደ አንዱ ያመራል።

የስደትን ነገር ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። የወላይታ ሕዝብ ነገሩን ከንጉሡ ታሪክ ያውቀዋል። በ1887 ዓ.ም. ካዎ ጦና ከዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት ጋር ብርቱ ጦርነት ገጥመው፣ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ቆስለው ተማረኩና ከዳሞታ ተራራ አገር ተለይተው ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። ይህ በግድ የሆነ መለየት ነው፤ የወላይታ ሽማግሌዎችም ታሪኩን ለልጅ ልጅ ሲያወርዱት ኖረዋል። ከዚያ ጥቂት ዓመታት እንኳ ሳያልፉ ደግሞ አንድ የሸዋ ብላቴና በሌላ መንገድ ከአገሩ ወጣ። እርሱ ምርኮኛ አልነበረም፤ ጥበብ ተምሮ እንዲመለስ የተላከ ነበር። ነገር ግን አስተዋይ ሰው እንደሚረዳው፣ በ12 ዓመቱ ከወገኑ ተለይቶ ባሕር የተሻገረ ልጅ፣ በፈቃድ ተላከ ቢባልም፣ ስደተኛ ከመሆን አይድንም። ዛሬ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ የወደድነው ይህ ብላቴና በኋላ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ተብለው የታወቁት፣ በአገራችን የመጀመሪያውን ቴያትር ጽፈው ያሳዩት ሰው ናቸው።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ውስጥ ሰያ ደብር በተባለው አገር ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ሐረር ሄደው በልዑል ራስ መኰንን ቤት አደጉ። ሐረር በዚያ ዘመን የንግድ በር ነበረች፤ የፈረንጅ ነጋዴና መልእክተኛ፣ የህንድና የዓረብ ሸቃጭ፣ የየአገሩ ቋንቋ የሚሰማባት ከተማ ነበረች። በ1888 ዓ.ም. ራስ መኰንን ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ብላቴናው አብረው ዘመቱ። የካቲት 23 ቀን የሆነውን ድል በልጅ ዓይናቸው አይተዋል። ያን ያየ ልጅ አገሩ ልትናቅ የማትችል መሆኗን በልቡ ጽፎ ይኖራል።

ከድሉ በኋላ ራስ መኰንን ለአገሪቱ የሚያስፈልገው የጦር ጥበብና የእጅ ሥራ ዕውቀት ከውጭ መምጣት እንዳለበት ስላሰቡ፣ ብላቴናውን ሌዎንቲየፍ ለተባለው የመስኮብ ሰው አደራ ሰጧቸው። መስኮብ ማለት በዚያ ዘመን ሰው ሩሲያን የሚጠራበት ስም ነው። ተክለ ሐዋርያትም ወደ ሩሲያ ተወስደው፣ ሞልቻኖፍ በተባለ የጦር መኰንን ቤት እንደ ልጅ ሆነው አደጉ፤ በኋላም በዋናው ከተማ በፒተርስቡርግ በታወቀው በሚካኤሎፍ የመድፈኞች ትምህርት ቤት ገብተው የመድፍን ጥበብ ተማሩ። ከ10 ዓመት በላይ በዚያ አገር ኖሩ። በረዶውን፣ ቋንቋውን፣ መጽሐፉን ሁሉ ለመዱ፤ ያደጉበትንም አማርኛ እስኪቸገሩበት ድረስ ራቁት።

በዚያው ሳሉ ሁለት ትልልቅ ነገሮች አዩ። በ1896 እና በ1897 ዓ.ም. የጃፓን መንግሥት ከሩሲያ ጋር ተዋግቶ በምድርም በባሕርም አሸነፈ። ቀድሞ በሩን ዘግቶ ይኖር የነበረ የእስያ መንግሥት፣ የአውሮጳን ጥበብ በፈቃዱ ተምሮ አንዱን የአውሮጳ ኃያል ሲያንበረክክ ማየት ለአንድ የኢትዮጵያ ወጣት ትልቅ ትምህርት ነበር። በዚያው ዘመን ደግሞ የሩሲያ ሕዝብ በችግርና በሹማምንት በደል ተማርሮ ሲነሣና አደባባዩ ሲታወክ ተመለከቱ። ኃያል መንግሥት ሰፊ ምድርና ብዙ ጦር ይዞ ሳለ የሕዝቡን ብሶት ካልሰማ እንደሚናወጥ ከዚህ ተረዱ። ከስደት ያተረፉት ዓይን ይህ ነው።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ ግን ያሰናበቷቸውን አላገኙም። አሳዳጊያቸው ራስ መኰንን በ1898 ዓ.ም. ዐርፈው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክም በደዌ ተይዘው መንግሥቱ በመኳንንት ክርክር ውስጥ ወድቆ ነበር። ላኪው ከሞተ የተላከው ምን ይዞ ለማን ይነግራል? የተማሩትን መድፍ የሚሰጣቸው፣ ያሰቡትን የሚሰማቸው ሰው ጠፋ። ስለዚህ እንደ ገና ወደ አውሮጳ ተሻግረው በፈረንሳይና በእንግሊዝ አገር የእርሻን ነገር ተመለከቱ። ኢትዮጵያን የሚያበለጽጋት ማረሻ መሆኑን ስላመኑ ልባቸውን ከመድፍ ወደ ማረሻ መለሱት፤ ይህም እምነት እስከ ዕለተ ሞታቸው ከእሳቸው ጋር ኖረ።

ዳግመኛ ተመልሰው በአዲስ አበባ ሲቀመጡ የቴያትር ነገር ተነሣ። በዚያ ጊዜ በከተማው ሆቴል ዘፈንና ጭፈራ ይታይ ነበር፤ ይህንንም ቴያትር ይሉት ነበር። ተክለ ሐዋርያት በሩሲያና በፈረንሳይ እውነተኛውን ቴያትር ያዩ ናቸውና ይህ ቴያትር አይባልም ብለው ተከራከሩ። ክርክሩንም በቃል አልተዉትም። ራሳቸው ጽፈው፣ ተጫዋቾችን ራሳቸው አሠልጥነው፣ በሆቴል አዳራሽ ለመኳንንቱ አሳዩ። የጨዋታውም ስም ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ መሳለቂያ የሚል ነው። በአውሮጳ ሥርዓት ለመድረክ የተሠራ የመጀመሪያው የአማርኛ ድርሰት ይህ ነው። ይህ የሆነው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለአገሩ እንግዳ በነበረበት ዘመን ነው፤ የአዲስ አበባ ሕዝብ የመጀመሪያውን የሲኒማ ቤት የሰይጣን ቤት ብሎ እንደ ጠራው የሚታወቅ ነው። ስለዚህ ሰውን በመድረክ አቁሞ የሕዝቡን ኑሮ መልሶ ለሕዝቡ የማሳየት ሥራ በአገራችን የተጀመረው ከዚህ ከስደት ተመላሽ እጅ ነው።

የጨዋታው መሠረት ላ ፎንቴን የተባለው የፈረንሳይ ባለ ቅኔ በ17ኛው መቶ ዓመት የጻፋቸው ተረቶች ናቸው። በመስኮብም ክሪሎፍ የተባለ ደራሲ እንደዚሁ ያለ ተረት ጽፎ ልጆች ሁሉ በቃላቸው ያጠኑታል። የላ ፎንቴን ተረት ምን እንደሚመስል ለማሳየት አንዱን ባጭሩ እንተርከው። በአራዊት ላይ ቸነፈር ወረደ። አንበሳው አራዊትን ሰብስቦ፣ ከሁላችን ይልቅ ኃጢአተኛ የሆነው ይሙትና ሌላው ይዳን ብሎ፣ ራሱ ብዙ በግና እረኛ መብላቱን ተናዘዘ። ቀበሮ ተነሥቶ በንጉሥ መበላት ለበግ ክብር ነው ብሎ ተሟገተለት። ነብሩም ድቡም እንዲሁ ከበደላቸው ነጹ። በመጨረሻ አህያ ቀርቦ፣ አንድ ቀን በመስክ ሳልፍ ከሰው ሣር አንድ ጉርሻ ግጫለሁ ብሎ ቢናዘዝ፣ ሁሉም ጮኹበትና በእርሱ ተፈረደበት።

ቅኔ ቤት የዋሉ አንባቢዎቻችን የዚህን ነገር መንገድ ወዲያው ያውቁታል። ሰሙ አውሬ ነው፤ ወርቁ ሰው ነው። የአብነት ተማሪ በመምህሩ ፊት ቅኔ ሲቀኝ ሰሙን አጊጦ ወርቁን እንደሚሰውር፣ ተክለ ሐዋርያትም የሹሙን ግፍ፣ የዳኛውን መማለጃ፣ የባለሟሉን ሽንገላ፣ የሕዝቡን ዝምታ በአውሬ ቆዳ ሸፍነው አቀረቡት። የሥራው አዲስነት ቅርጹ ነው፤ መንፈሱ ግን ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ቅኔው የሚሰማው ምሥጢር ለሚያውቅ ነው፤ ቴያትሩ ግን ወርቁን በአደባባይ ያወጣል።

ስለዚህም ነገሩ አልተወደደም። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ጨዋታው እንዳይታይ ተከለከለ፤ የታተመውም መጽሐፍ ከሰው እጅ ተሰበሰበ። ቴያትርም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ተቋርጦ ቀረ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። መጽሐፉ በተሰበሰበ ጊዜ የተነቀፈው መማለጃ አብሮ አልተሰበሰበም። ዳኛው የሚያደላ ከነበረ ማድላቱን አልተወም፤ ባለሟሉም የሚሸነግል ከነበረ ሽንገላውን አልተወም። የጠፋው መስተዋቱ ነው እንጂ በመስተዋቱ የታየው ጉድፍ አይደለም። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ከውጭ ጠላት ሲመጣ አገሪቱ በአስተዳደሯም በጦሯም ሳትደራጅ ተገኘች። ቴያትሩ ቢታይ ጠላት ባልመጣ ነበር ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን የራሷን ሰው ተግሣጽ መስማት የለመደች አገር ጉድለቷን ጠላት ሳይነግራት ታውቀው ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ግን ቴያትራቸው ስለ ተዘጋ አኩርፈው አልተቀመጡም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን እንዲወርዱ ከሠሩት ወገኖች ጋር ተሰልፈው ነበር። ከዚያም ወደ ጅጅጋ ተሹመው ከተማይቱን መንገዶቿ ቀጥ ብለው እንዲቋረጡ አድርገው ቀየሱ። ኋላም ጨርጨርን እንዲያስተዳድሩ ሲሾሙ፣ ዛሬ ጭሮ የምትባለውን የአሰበ ተፈሪን ከተማ ቆረቆሩ፤ አውራጃውንም ለሌላው አገር ምሳሌ እንዲሆን ለማድረግ ደከሙ። በመድረክ የነቀፉትን በግዛት ሊያርሙት መነሣታቸው ነው። ሹመትን የሚነቅፍ ሰው ሲሾም ምን እንደሚያደርግ ሕዝብ ይመለከታልና፣ ይህ የሕይወታቸው ክፍል ከድርሰታቸው ያላነሰ ዋጋ አለው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከነገሡ በኋላ የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት እንዲያረቁ የታዘዙት እሳቸው ናቸው። ለረቂቃቸውም ምሳሌ ያደረጉት የጃፓንን ሕገ መንግሥት ነው። በወጣትነታቸው በፒተርስቡርግ ሆነው የሰሙት የጃፓን ድል ከ25 ዓመት በኋላ በአዲስ አበባ ሕግ ሆኖ ወጣ ማለት ይቻላል። 55 አንቀጾች ያሉት ይህ ሕግ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. በታወጀ ጊዜ፣ ለመኳንንቱ ትርጓሜውን በንግግር ያስረዱ እሳቸው ነበሩ። ሕጉ ለንጉሠ ነገሥቱ ያለውን ሥልጣን ሁሉ ያጸና ነበር፤ ሆኖም ሁለት ምክር ቤቶችን አቁሞ መንግሥት በተጻፈ ሕግ እንዲሄድ መጀመሪያውን መንገድ ከፈተ። በዚያው ሰሞን በጅሮንድ ተብለው የገንዘብ ሚኒስቴርን ሥራ መሩ።

ኋላም በአውሮጳ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው፣ አገራችን በ1916 ዓ.ም. አባል በሆነችበት በዓለም መንግሥታት ማኅበር በጄኔቭ ተቀመጡ። የወልወል ግጭት በኅዳር 1927 ዓ.ም. ከተነሣ ጀምሮ የኢትዮጵያን አቤቱታ ለማኅበሩ ሲያቀርቡ ቆዩ። በዚያው ዓመት ማለቂያ የማኅበሩ ሸንጎ ነገሩን ሲሰማ፣ ዤዝ የተባለው የኢትዮጵያ ፈረንሳዊ ጠበቃ ሲናገር የኢጣልያ መልእክተኛ ለመስማት እንኳ ሳይታገሥ ከአዳራሹ ወጣ። ሸንጎውም ተከራከረ እንጂ አላዳነም። የአራዊትን ሸንጎ በቴያትር ያሳዩት ደራሲ፣ አህያይቱ የተፈረደባትን ሸንጎ በዓይናቸው አዩት።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ወሰን ተሻገረ። ተክለ ሐዋርያት ከአውሮጳ ተመልሰው ከአገራቸው ሰው ጋር ሆኑ። በመጋቢት ወር ማይጨው ላይ የሆነው ከሆነ በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ ይውጡ ወይስ በአገር ውስጥ ይዋጉ የሚለው ምክር በተነሣ ጊዜ፣ መውጣቱን አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱ እሳቸው ነበሩ። ስደትን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት እሳቸው፣ ንጉሥ ከአገሩ ሲወጣ የሕዝቡ ልብ እንደሚሰበር አስበው ነው። ምክራቸው ግን አልጸናም። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ወጡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ። በመውጣታቸው በጄኔቭ የተሰማው ድምፅና ኋላ የተገኘው የእንግሊዝ ርዳታ መኖሩን የሚያስቡ ሰዎች የንጉሡን ምክር ያጸድቃሉ፤ በዱር የቀሩትን አርበኞች መከራ የሚያስቡ ደግሞ የፊታውራሪን ምክር ያጸድቃሉ። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም።

ስደትን የተቃወሙት ሰው ራሳቸው ተሰደዱ። በጂቡቲ በኩል ወጥተው ኋላ በፈረንሳይ ግዛት በነበረችው በማዳጋስካር ደሴት ተቀመጡ። አገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ነጻ በወጣች ጊዜ ብዙው ስደተኛ ሲመለስ እሳቸው ብዙ ዓመታት በዚያው ቆዩ። የመጀመሪያው ስደታቸው የልጅነትና የትምህርት ነበር፤ ሁለተኛው የጕልምስናና የቅሬታ ነበር። በዚህ ጊዜ ውስጥ ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት አርአያ የተባለውን ልብ ወለድ ጻፉ። የመጽሐፉ ነገር በፈረንሳይ ተምሮ ወደ አገሩ ስለሚመለስና ለአገሩ ሊሠራ ሲነሣ ስለሚገጥመው ችግር ነው። የአባት ሕይወት በልጅ ብዕር ሲመለስ ማየት ይቻላል።

ከማዳጋስካር ሲመለሱ ሹመት ፈልገው አልተንገላቱም። በጨርጨር ሂርና ላይ በእርሻቸው ተቀመጡ። በወጣትነታቸው ለኢትዮጵያ ይበጃል ያሉትን ማረሻ በእርጅናቸው ራሳቸው ያዙት። የጻፉት ሕግ በአዲስ ሕግ ሲተካ፣ ኋላም በ1967 ዓ.ም. መንግሥቱ ራሱ ሲወድቅ አዩ። በ1969 ዓ.ም. ከ90 ዓመት በላይ ኖረው ዐረፉ። የሕይወታቸውን ታሪክ በእጃቸው ጽፈው ትተው ነበርና፣ ከሞቱ ወደ 30 ዓመት ገደማ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታተመ። በሕይወት ሳሉ መጽሐፋቸው የተሰበሰበባቸው ሰው ከሞቱ በኋላ መጽሐፋቸው ተነበበላቸው።

የዘሩትም ዘር አልጠፋም። ከደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት የወጡት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ቴያትርን ተከትለው አስፋፉት፤ እሳቸውም በጠላት ዘመን ወደ ሱዳን ተሰደዱ። በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ ቴያትር የሚባለው ትልቁ አዳራሽ በአዲስ አበባ ተከፈተ። የሲኒማም ጥበብ ከሰይጣን ቤትነት ወጥቶ የአገር ልጅ የሚሠራው ሥራ ሆነ። የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ ወደ አሜሪካ ሄደው በዚያ እየኖሩ ስለ አገራቸው ፊልም ሠርተዋል፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጤዛ የተባለው ፊልም በጀርመን ተምሮ ወደ አገሩ ስለሚመለስ ሰው የሚተርክ ነው። ከሩሲያ ከተመለሰው ወጣት እስከ ጤዛ ድረስ 100 ዓመት አልፏል፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው። ከሩቅ አይቶ የመጣውን ሰው አገሩ ምን ታደርገዋለች?

ይህን ጥያቄ ለታሪክ ብቻ ብለን አላነሣነውም። የወላይታ ሶዶ ከተማ ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች፤ አዲስ መሥሪያ ቤት፣ አዲስ ወንበር፣ አዲስ ሹም የተሰበሰበባት ከተማ ናት። ከደቡብ አገራችን ብዙ ወጣቶች ሥራና ትምህርት ፍለጋ ወደ ውጭ ይሄዳሉ፤ ከሄዱትም የሚመለሱ አሉ። የሚመለሰው ልጅ ገንዘብ ብቻ ይዞ አይመለስም፤ ዓይንም ይዞ ይመለሳል። በመሥሪያ ቤቱ ደጅ ሲሰለፍ፣ አቤቱታው ሲጓተት፣ ቀላሉ ነገር ሲከብድ ሲያይ ይናገራል። ንግግሩ አንዳንድ ጊዜ ይሻክራል፤ ቋንቋውም የለመድነው አይሆንም።

በእርግጥ ከሩቅ የመጣ ሁሉ እውነት ይናገራል አይባልም። የአገሩን ልማድ ሳይረዳ የሚነቅፍ፣ ያየውን ሁሉ እንዲሁ ገልብጦ ለማምጣት የሚቸኩል አለ። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ራሳቸው አገራቸውን ዳግመኛ መማር አስፈልጓቸዋል፤ የውጭውን ጥበብ በተረትና በሰምና ወርቅ ባያለብሱት ኖሮ ማንም ባልሰማቸው ነበር። ስለዚህ ተመላሹም ትሕትና ያስፈልገዋል። ነገር ግን ትሕትናው ከሁለቱም ወገን መሆን አለበት፤ ሥልጣኑ ያለው በሹሙ እጅ ስለ ሆነ ደግሞ መጀመር የሚገባው ሹሙ ነው።

በአገራችን ሊቃውንት ልማድ፣ ተማሪ ቅኔውን ሲዘርፍ መምህሩ ይነቅፈዋል፤ ተማሪውም ሲነቀፍ ይማራል። የቅኔ ቤት ያልተነቀፈበት ተማሪ መምህር አይሆንም። ሹመትም እንዲሁ ነው። አንድ ሹም በወንበሩ ሳለ በሰም ተሸፍኖ የሚነገረውን ወርቅ ከሰማ፣ ከወንበሩ ሲወርድ በግልጥ ከሚነገርበት ነቀፋ ይድናል። የፋቡላን መጽሐፍ የሰበሰቡት ባለሥልጣኖች ስማቸውን የሚያስታውስ ዛሬ ጥቂት ነው፤ የደራሲው ስም ግን በአገሪቱ የቴያትር ታሪክ መጀመሪያ ገጽ ላይ ተጽፎ ይኖራል። እንግዳው ሲያነባ አይቶ ለጢሱ መውጫ የሚያበጅ ባለቤት ግን ለልጆቹም ቤቱን ንጹሕ አድርጎ ያወርሳቸዋል።